ቤዝመንታችን ውስጥ የነበረችው ቀርጤስ

ግርምዬ፣ የሊያ አባት፣

ከተለያየን ወዲህ ሁለት ጊዜ በረዶ ጥሎ ሁለት ጊዜ ቀለጠ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ አጥቼ አይደለም፤ እጄ እስኪድን ነው። በጥይት የተመታው ግራ እጄ ነው፤ እኔ ደግሞ ግራኝ መሆኔን ታውቃለህ። አሁንም ብዕር ስይዝ ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ። ፊደሌ ቢጣመም አትሳቅብኝ።

ሞንትቤሎ ሰፈር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። የጎረቤቱ ዛፍ በንፋስ ወድቆ የጓሮውን አጥር ሰብሮት ነበር፤ አሠራሁት። ሆስፒታሉን አልለቀቅኩም፤ ግን በሽተኛ ማንሳትና ማገላበጥ ስለማልችል እንግዳ መቀበያው ጋ አስቀምጠውኛል። መኪናህን ፖሊሶቹ ሲመልሱልኝ ግቢ ሳላስገባ ሸጥኳት። ሊያ ደህና ናት። ደህና ናት ስልህ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ከእስር ቤት ውጭ ናት ማለቴ ነው።

ቀርጤስ ግን የለችም። ሰባብረናታል። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ።

እንደተጋባን ሰዎች «ባልሽ የየት አገር ሰው ነው?» ሲሉኝ «የቀርጤስ» እያልኩ አስቃቸው ነበር፣ የደሴ ልጅ መሆንህን እያወቅኩ። በሃያ ሁለት ዓመትህ ከምትሠራበት የንግድ መርከብ የቀርጤስ ወደብ በሆነችው ኢራክሊዮን ላይ ወርደህ ቀረህ። ወይራ ለቀምክ፣ የጥንት ፍርስራሽ ለሚቆፍሩ ሰዎች አፈር በጋሪ ገፋህ፣ ዘጠኝ ዓመት ኖርክባት። በኋላ አቴንስ ተገናኝተን ሻይ ስትጋብዘኝ እንኳ የምታወራው ስለ እሷ ተራሮች ነበር። በደሴት የምቀና ሴት ሆኜ አረፍኩት።

ሊያ ሰባት ዓመት ሲሆናት ጎረቤት የጣለውን አሮጌ በር ከመንገድ አንስተህ ቤዝመንት አስገባህ። በሩን በሁለት ርብራብ ላይ አጋድመህ፣ የዶሮ ሽቦ ቆልምመህ፣ ጋዜጣ በጄሶ እየነከርክ ደሴቲቱን ገነባሃት። የታክሲ ፈረቃህን ስትጨርስ ካፖርትህን ሳታወልቅ ነበር የምትወርደው። ሊያ በርጩማ ላይ ቆማ ጄሶውን ታማስልልሃለች። «ቀጭንና ረጅም ናት» ትላታለህ። «ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ ሁለት መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ወገቧ ላይ ግን ከባሕር እስከ ባሕር አሥራ ሁለት ብቻ።» በምዕራብ ነጫጮቹን ተራሮች አቆምክ፣ መሐል ላይ ኢዳን፣ በምሥራቅ ዲክቲን። የሰማሪያን ገደል በወጥ ቤት ቢላዬ ሰነጠቅከው፤ ቢላው ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት አልቆረጠም። ከኢዳ በታች የመሳራን ሜዳ በመዳፍህ አለሰለስክ። በደቡብ ጠረፍ፣ ጳውሎስ ታስሮ ሲሄድ መርከቡ የተጠጋበትን መልካም ወደብ በጣትህ ጫንክ። «ከዚህ ወዲያ ውኃ ነው። ከውኃው ወዲያ ሊቢያ። አባትሽ ይኼን ውኃ ያውቀዋል» አልካት።

ታሪኳን ስትነግራት ግን አላለሰለስከውም። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ «ኧረ ልጅቷን ታስፈራታለህ» እልህ ነበር። ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ በፊት ክኖሶስ ላይ ቤተ መንግሥት እንደነበር፣ ፎቅ በፎቅ፣ ውኃው በሸክላ ቱቦ የሚወርድ፣ ግድግዳው ላይ ወጣቶች በበሬ ጀርባ ሲገለበጡ የተሣሉበት። ከተማዋ የረባ ቅጥር ስለሌላት ብዙ ሰው ነዋሪዎቿን ሰላማዊ እንዳላቸው። «ቅጥር የሌለው ሁሉ ሰላማዊ አይደለም» አልክ። ከክኖሶስ በስተደቡብ ዩክታስ የሚባል ተራራ ሥር፣ በምድር መንቀጥቀጥ የተደረመሰ ትንሽ ቤተ መቅደስ ተቆፍሮ ነበር። መሠዊያው ላይ የአሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ልጅ አጥንት፣ እንደታሰረ እግሩ ታጥፎ፣ በላዩ የነሐስ ስለት። አጠገቡ ካህን የሚመስል ሰው፣ ጣሪያው ሲወርድበት ፊቱን በእጁ የከለለ። የቆፈሩት ሰዎች እንደሚያምኑት መንቀጥቀጡ እንዲቆም ልጁን ሠዉት፤ ቤቱ ግን ያረደውንም የታረደውንም አንድ ላይ ቀበረ። ከዚያ በሰሜን ያለችው የእሳተ ገሞራ ደሴት ፈነዳች፣ ባሕሩ ጠረፉን ጠራርጎ ሄደ። ከዚያ ከዋናው የግሪክ ምድር ጦረኞች ተሻገሩ፤ ቤተ መንግሥቶቹ አንድ በአንድ ነደዱ።

ሊያ ከሁሉም የምትወደው የሚኖስን ተረት ነበር። የንጉሥ ሚኖስ ልጅ አቴንስ ሄዶ ተገደለ። ንጉሡ ጦሩን አስከትቶ ዘመተ። የአቴንስ ሰዎች ሲጨንቃቸው በየዘጠኝ ዓመቱ ሰባት ወንድና ሰባት ሴት ልጆች ሊልኩለት ተስማሙ፤ እነዚያም ራሱ የበሬ፣ አካሉ የሰው ለሆነ አውሬ መውጫው በማይገኝ ቤት ውስጥ ይጣሉለት ነበር። ሊያ ጄሶ የለበሰ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ግን ልጆቹ ምን አደረጉ?» አለችህ። «ምንም። ንጉሡ ልጁ ስለሞተበት ነው» አልካት። «ዛትስ ኖት ፌር! ግፍ ነው!» ብላ አለቀሰች። ጭነሃት ወደ ላይ ወጣህ፤ ጄሶ ደረጃው ላይ ተንጠባጠበ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ሁዳዴ ሊፈታ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እኩለ ቀን ነው፤ ዝናብና በረዶ የተቀላቀለበት ነገር ይጥላል። አንተ ከአየር ማረፊያ ያመጣኸውን መንገደኛ አውርደህ ኦሮራ ውስጥ ሃቫና መንገድ ላይ ነዳጅ ልትቀዳ ቆምክ። ሁለት ልጆች በተሰረቀ መኪና መጡ። አንደኛው መሪው ላይ ቀረ፤ ሌላው ሽጉጥ ይዞ ወደ አንተ ሄደ። መኪናህን ነበር የፈለገው። ሁለት ጊዜ ተኮሰ። አንዷ አንገትህን፣ አንዷ ደረትህን። ቁልፉን እንኳ ሳይወስድ ሮጠ። የነዳጁ ቱቦ ከመኪናህ ሳይነቀል፣ አንተ አስፋልቱ ላይ።

ያመጡህ እኔ ወደምሠራበት ሆስፒታል ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት አሮጊት ሳጥብ ጠሩኝ። ስደርስ ሸሚዝህን በመቀስ ቀደውት ነበር፤ ያን ሰማያዊውን። ሐኪሟ ልታቅፈኝ መጣች፤ ገፈተርኳት። ጫማህን ሳወልቅልህ ካልሲህ በደም ርሶ ተጣብቆ አልላቀቅ አለኝ። ስንት የማላውቀውን ሬሳ ገንዤ አንተን መገነዝ አቃተኝ።

ለቅሶው ላይ ቤቱ ሞላ። እትዬ ብርሃኔ፣ ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው አሮጊት፣ እጄን ይዘው «ቁጣሽን ለእግዚአብሔር ስጪው፣ ልጄ» አሉኝ። «እሺ» አልኳቸው። አልሰጠሁትም። ያን ልጅ በጥርሴ ብይዘው እላለሁ። በዚያ መሠዊያ ላይ አጋድሜ፣ እግሩን አጥፌ አስሬ፣ ስለቱን እኔ በያዝኩ እላለሁ። ሁለቱም ተይዘው የተኳሹን ፎቶ በዜና አሳይተዋል። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልወጣም። ጢም አለመኖሩ ይበልጥ አናደደኝ።

ሊያ አላለቀሰችም። ለለቅሶተኛው ውኃ ታዞራለች፣ ወንበር ትዘረጋለች፣ «ታንክ ዩ» ትላለች። አርባህ በወጣ በሳምንቱ ከሥራ ስገባ ከታች ድብደባ ሰማሁ። ወረድኩ። መዶሻህን ይዛ ነጫጮቹን ተራሮች እየፈረካከሰች ነው። ጄሶው እንደ ጭስ ቤቱን ሞልቶታል፤ ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ሆኗል።

«ሊያ! የአባትሽ ሥራ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ!» አለችኝና ኢዳን መታችው። «ሁሉን ነገር ያውቃል፣ ኤቭሪቲንግ! ማን ማንን እንዳረደ ያውቃል! ታዲያ ለምን ሽጉጥ አልያዘም? ለምን እንደ ሞኝ ቆመ?»

መዶሻውን ልቀማት ነበር የሄድኩት። ስጠጋ ግን ያ ለስላሳው የመሳራ ሜዳ ታየኝ፤ የመዳፍህ ምልክት አለበት። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ግርምዬ። ጥግ ላይ የነበረውን ጡብ አንስቼ ወረወርኩበት። ከዚያ በእግሬ። ከዚያ ሁለታችንም፣ እናትና ልጅ፣ ከምዕራብ እሷ፣ ከምሥራቅ እኔ፣ የደሴቲቱ ወገብ ላይ እስክንገናኝ። ክኖሶስን ማን እንደመታው አላስታውስም። ሊያ ስትጨርስ ተነስታ ታጠበች። ፍርስራሹን በባልዲ እየሞላሁ ጋራዥ አወጣሁት። የዚያን ቀን ቁጣችን ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሷ ገና መጀመሯ ነው።

መኪናውን የነዳው ልጅ ሊመሰክር ተስማምቶ በዋስ ወጥቶ ነበር። ግሌንዴል ውስጥ አክስቱ አፓርትመንት እንደሚኖር ሊያ ኢንተርኔት ላይ አገኘችው። ለኔ አልነገረችኝም። ግን ካንተ በኋላ ሁለታችንም ስልካችን ላይ ሎኬሽን ሼር አድርገን ነበር፣ የት እንዳለን እንድንተያይ። ኮሌጅ ክፍል ውስጥ መሆን ባለባት ሰዓት ግሌንዴል ቆማ አየሁዋት። በማግስቱም እዚያው። በሦስተኛው ቀን ከሥራ አስፈቅጄ ነዳሁ።

ከመኪናዋ ጀርባ ፓርክ አደረግኩና በሩን ከፍቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጭኗ ላይ ሻርፕ አለ። ሻርፑን ገለጥኩት፤ ሽጉጥ ነው።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከጓደኛ።»

«ስጪኝ።»

«ኖ። ማሚ፣ ፕሊስ፣ ውጪልኝ።»

«ይኼኛው አልተኮሰም።»

«ነድቶ ያመጣው እሱ ነው! ሰው ሲወድቅ እያየ ገዳዩን ጠብቆ፣ ጭኖት ሄደ!»

እውነቷን ነበር። ከአፌ የወጣው ያንተ ተረት ነው። «ሕፃን ሆነሽ አባትሽን ምን እንደጠየቅሽው ታስታውሺያለሽ? ስለ አቴንስ ልጆች?»

«ስለ ሚኖስ እንዳታወሪኝ!» ብላ ጮኸች። «ሰባት ዓመቴ አይደለም! ደግሞ እነዚያ ምንም አላደረጉም፤ ይኼ አድርጓል!»

በዚህ መሐል ልጁ ወጣ። የልብስ ማጠቢያ ዘንቢል ታቅፏል፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። ወደ እኛ ነው የሚመጣው። ሊያ በሩን ከፈተች፣ አንድ እግሯን አወጣች። ክንዷን ያዝኩ፤ ነጠቀችኝ። ፀጉሯን ያዝኩ። በክርኗ አፌን መታችኝ፣ ደም ጣመኝ። ግርምዬ፣ የልጃችንን እጅ አንጓው ላይ ነከስኩት፤ አጥንት እስኪሰማኝ ነከስኩት። በግራ እጄ የሽጉጡን አፍ ጨበጥኩ። ፈነዳ።

ድምፁ ጆሮዬን ደፈነው። የፊት መስታወቱ ተንኮታኩቶ ላያችን ላይ ፈሰሰ። መዳፌን ሳየው መሐሉ ቀዳዳ ነው። ልጁ ዘንቢሉን ጥሎ አስፋልቱ ላይ በደረቱ ተኝቷል፣ ካልሲና ፎጣ ዙሪያው ተበትኗል፣ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ «ፕሊስ፣ ፕሊስ» ይላል። አልተነካም። ሊያ ሽጉጡን እግሯ ሥር ጥላ በሻርፗ እጄን ታስራለች፣ ታስርና ትፈታለች፣ እንደገና ታስራለች። ካንተ ሞት ወዲህ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያለቀሰችው። ፖሊሶቹ ሽጉጥ ደግነው «እጅ ወደ ላይ!» ሲሉን የግራዬ አልነሳ አለ፤ የቀኜን ብቻ አነሳሁ። «ሽጉጡ የማን ነው?» ሲሉን የኔ ነው ልል አፌን ስከፍት ቀድማኝ «ማይን፣ የኔ ነው» አለች።

ሐኪሞቹ እጄን ሁለት ጊዜ ቀደዱት። አልጋ ላይ ሳለሁ አንድ የነገርከኝ ትዝ አለኝ፤ መሳራ ሜዳ ላይ ጎርቲን በምትባል ከተማ ሰዎቹ ሕጋቸውን ግድግዳ ላይ በድንጋይ ቀርጸው እንዳቆሙት፣ ባሏ የሞተባት ሴት የራሷን ንብረት ይዛ እንደገና ልታገባ እንደምትችል እዚያ እንደተጻፈ። «እኔ ብሞት አንቺም በቀርጤስ ሕግ ነፃ ነሽ» ብለህ ስቀህብኝ ነበር። በመርፌና በፋሻ ተወጣጥሬ ብቻዬን ሳቅኩ። ነርሷ መድኃኒቱ ያሳበደኝ መሰላት።

የሊያ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ልጃቸው ተከሶ የሚቆምባቸው እናቶች በሚቀመጡበት በኩል ተቀመጥኩ። ልጃችን እጇ ላይ የጥርሴ ጠባሳ አለ። ዳኛዋ እስር አልፈረደችባትም፤ በክትትል ሥር እንድትቆይና አማካሪ ዘንድ እንድትመላለስ አዘዘች። ኦሮራ አመላልሳታለሁ። መኪና ውስጥ ብዙ አንነጋገርም፤ አንዳንዴ ሬዲዮውን ከፍ ታደርገዋለች፣ አንዳንዴ ትከሻዬ ላይ ትተኛለች።

ከዚያ የገዳይህ ቅጣት የሚወሰንበት ቀን መጣ። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ነበር። ቤተሰብ መናገር ይችላል ስላሉኝ ተነሳሁ። ለወራት ያዘጋጀሁት እርግማን ነበረኝ። በፋሻ የተጠቀለለውን እጄን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ እንዲህ አልኩ፦ «ባሌ ልጁ ስለተገደለበት ንጉሥ ይነግረን ነበር። ንጉሡ የሰው ልጆች ለአውሬ እየሰጠ እንኳ አልጠገበም። እኔም እንደ እሱ ነበርኩ። የዚህ ልጅ እናት እንደኔ ባዶ እንድትቀር ፈልጌ ነበር። ቁጣዬ ሊበላብኝ የነበረው ግን የራሴን ልጅ ነው። ይህን ልጅ ይቅር አላልኩትም። እንዲሞትም አልለምንም። ሕጉ የሚለውን ስጡት።» እናቱ ወደ እኔ እያየች ታለቅስ ነበር። አላቀፍኳትም፣ ግርምዬ። አልቻልኩም።

ከኔ ቀጥሎ ልጁን የምትለው አለ ወይ ብለው ጠየቁት። ቆመ። መሬት መሬት እያየ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሁሉም የሚለው ዓይነት ነው፣ አልሰማሁትም። ከዚያ ጠበቃው ሳይጠይቀው እንዲህ አለ፦ «ሰውዬው እጁን ዘርግቶ አንድ ቃል ይደጋግም ነበር። 'ሊጄ፣ ሊጄ' ይላል። የሚሰድበኝ መሰለኝ። ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።»

ሊያ ናት ማንም ሳይፈቅድላት ብድግ ያለችው። ዳኛው አላስቆሟትም። ፊቱን ቀጥ ብላ እያየች በእንግሊዝኛ «ልጄ ማለት ነው። 'ማይ ቻይልድ'» አለችውና ተቀመጠች። ልጁ ጠረጴዛውን ያዘ። ብዙ ዓመት ፈረዱበት፤ ሲወጣ ከአንተ ዕድሜ ብዙም የማያንስ ሽማግሌ ይሆናል።

ኮሪደሩ ላይ ሊያ ግድግዳውን ተደግፋ «ማሚ፣ እኔን ነው የጠራው» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ግን አንተን አውቅሃለሁ። ሱቅ ውስጥ ዕቃ የሚያሽገውን ጎረምሳ፣ በረዶ ላይ የተንሸራተተውን የጎረቤት ልጅ፣ መኪናህ ውስጥ ሰክሮ ያስመለሰብህን ወጣት ሁሉ «ልጄ» ትል ነበር፤ ሲገባቸውም ሳይገባቸውም። እሱን «ልጄ፣ ተው» ልትለው ነበር? ወይስ ጥይቱ ሲመጣ የራስህን ልጅ ጠራሃት? በሁለቱ መሐል ሌሊት ብዙ ተመላልሻለሁ። ለሊያ የሷን ትቼላታለሁ፤ አልነካባትም።

እኔ ግን ልንገርህ። ሰው ስለ አንተ ሲጠይቀኝ በሰላም አረፈ አልልም፣ በሰላም አላረፍክም። እንዴት እንደሞትክ እንዳለ እናገራለሁ፤ ደሙንም፣ ካልሲህንም፣ አስፋልቱንም። ከዚያ የመጨረሻ ቃልህን እነግራቸዋለሁ፣ ማንን እንደጠራህ እንደማላውቅ ጭምር። አፌ እስከሚዘጋ ድረስ ቃሏን ካንተ ተቀብዬ ይዣታለሁ።

ሚስትህ ሰናይት